እንግዳው ከደጅ እንዳይመለስ

የደብር አገልግሎት ድረ ገጽ ጎብኚን ተገልጋይ ስለሚያደርግበት መንገድ

(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለካህናትና ለሒሳብ ሠራተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ በሆነ ዲያቆን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የተሰጠኝ ርእስ ስለ ድረ ገጽ ነው። ርእሱን ስትሰሙ «ይህ የወጣቶችና የቴክኒክ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ልባችሁን እንዳታርቁብኝ እለምናለሁ። የምናገረው አብዛኛው ነገር ስለ እንግዳ አቀባበል ነው፤ በእንግዳ አቀባበል ደግሞ መምህራኑ እናንተ ናችሁ።

ነገሬን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በአንዲት ከተማ የሚገኝ ደብር፣ ምእመናን ባዋጡት ገንዘብ 14 ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያና አንድ የስብሰባ አዳራሽ አሠራ። ዓላማው ግልጽ ነበር። በደብሩ አጠገብ ዜማና ቅኔ የሚማሩ የአብነት ተማሪዎች አሉ፤ ቁራሽ ለምነው የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ከማረፊያውና ከአዳራሹ ከሚገኘው ገቢ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ትኩስ ምግብ እንዲበሉ ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ወሰነ። እኔም ሥራውን እንድከታተል ተመድቤ ነበር። በዕቅዱ ላይ «ድረ ገጽ ማሠራት» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ድረ ገጹ ተሠራ፤ በምረቃው ዕለት በትልቅ መጋረጃ ላይ ታየ፤ ተጨበጨበ። እኔም በሩብ ዓመት ሪፖርቴ ላይ «ተከናውኗል» ብዬ ጻፍሁ።

በቀጣዩ ዓመት ለጥምቀት በዓል ወደዚያች ከተማ ሄድሁ። ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ከተማዪቱ ከዳር እስከ ዳር በእንግዳ ተሞልታ ነበር። ሰው በድንኳን፣ በዘመድ ቤት ወለል ላይ፣ በመኪና ውስጥ ያድር ነበር። ከ14ቱ ክፍሎቻችን የተያዙት ግን አምስት ብቻ ነበሩ። የማረፊያው ኃላፊ «ሰው ገና አላወቀንም» አሉኝ፤ እኔም አመንኋቸው። ማታ የድረ ገጹን የጎብኚ መቁጠሪያ ስንከፍት ግን በታኅሣሥና በጥር ብቻ ከ600 በላይ ሰዎች ገጹን ከፍተውት እንደ ነበር አየን። ሰው አውቆናል። ደጃችን ድረስም መጥቷል። ከደጅ ተመልሶ ሄዷል።

ለምን እንደ ተመለሰ የተረዳሁት በማግሥቱ ነው። ታቦተ ሕጉን አጅበን ስንመለስ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ አረጋዊ አባታቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እኅት አገኘሁ። ስለ ማረፊያችን ሰምተው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ሦስት ጊዜ ከፍቼዋለሁ» አሉኝ። «ሕንፃው ያምራል። ዋጋው ግን የለም። አባቴ ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ ምድር ቤት ክፍል ይኑር አይኑር አይልም። ስልኩን ብሞክር አልጠራልኝም። በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ የለም። ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ቢውል ደስ ባለኝ ነበር።» ያረፉት በሌላ ቦታ፣ እኛ ከምናስከፍለው በሚበልጥ ዋጋ ነበር።

ያቺ የመጨረሻዋ ቃላቸው በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ነሣችኝ። ልጆቹ ያልበሉት ምግብ ገንዘቡ ጠፍቶ አልነበረም። ሊከፍል የፈለገ ሰው በሩን አንኳኩቶ የሚከፍትለት አጥቶ ነበር።

ገጹን በእንግዳ ዓይን ማየት

በማግሥቱ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከልማት ክፍሉ ኃላፊ ጋር አንድ ቦታ ተቀምጠን፣ ያንን ድረ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ከፈትነው። ቢሮ ውስጥ በኮምፒውተር ያየነው ነበርና በስልክ ሲታይ ሌላ ነገር ሆነ። በመጀመሪያ የሕንፃው ፎቶግራፍ ቀስ እያለ መጣ። ቀጥሎ ረጅም የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት፣ ከእርሱ በታች የደብሩ ታሪክ፣ ከታሪኩ በታች የምረቃው ዕለት ፎቶግራፎች፣ ከዚያም የኮሚቴው አባላት ስም ዝርዝር ነበር። ማረፊያውን የሚመለከተው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ደረጃውን የጠበቀ አገልግሎት እንሰጣለን» ይላል። ስልክ ቁጥሩ የተጻፈው ፎቶግራፍ ውስጥ ስለ ሆነ ጣት ቢያርፍበትም አይደውልም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውሸት የለም። ሁሉም ግን ስለ እኛ ይናገራል። እንግዳው የመጣው የራሱን ጉዳይ ይዞ ነው።

አባቶቼ፣ ደክሞት ደጃችሁ የደረሰ መንገደኛ ውኃ ሳይቀምስ የደብሩን ታሪክ ትነግሩታላችሁን? አትነግሩትም። «ከየት መጣህ? ግባ፤ አረፍ በል» ትሉታላችሁ፤ ታሪኩ ከራት በኋላ ይደርሳል። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን ሲያይ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ለእግራቸው ውኃ፣ ለድካማቸው ጥላ አቀረበ። የድረ ገጽ የመጀመሪያው ገጽ ይህን ሥርዓት ሊማር ይገባዋል። የደብሩ ታሪክ ራሱን የቻለ ክብር ያለው ገጽ ይኑረው፤ በሩ ላይ ግን አይቁም።

እንግዳ የሚጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

ከብዙ ሰዎች ጋር ከተነጋገርን በኋላ፣ ማንኛውም አገልግሎት ፈላጊ በልቡ የሚይዛቸው ጥያቄዎች አምስት ሆነው አገኘናቸው። ማረፊያም ይሁን አዳራሽ፣ የልብስ ስፌት ማእከልም ይሁን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ ጥያቄዎቹ አይለወጡም።

የመጀመሪያው «ምን አላችሁ?» የሚለው ነው። መልሱ በገጹ አናት ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር መቀመጥ አለበት። «ደረጃውን የጠበቀ አገልግሎት» የሚለውን ሰርዘን «ከደብሩ በእግር አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ 14 ንጹሕ ክፍሎችና 120 ሰው የሚይዝ አዳራሽ» ብለን ጻፍን። ቁጥርና ርቀት ያለው ቃል ሰውን ያሳርፋል።

ሁለተኛው «ለእኔ ይሆናልን?» ነው። አረጋዊ አባት ይዞ የሚመጣው ስለ ደረጃ ይጠይቃል። ሕፃን ያላት እናት ስለ ሙቅ ውኃ ትጠይቃለች። በጾም የሚመጣው ስለ ጾም ምግብ፣ ሌሊት ለማኅሌት የሚወጣው ስለ በሩ መዝጊያ ሰዓት ይጠይቃል። አዳራሹን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ስለ መብራት መጠባበቂያ፣ ስለ ድምፅ ማጉያና ስለ ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። እነዚህን ከጓዳ አንሥተን ሜዳ ላይ አወጣናቸው። ደንቦቻችንንም አልደበቅንም፤ በግቢው ውስጥ መጠጥና ሲጋራ እንደማይፈቀድ ጻፍን። ይህን አይቶ የሚተወን ይኖራል፤ መጥቶ ከሚጋጨን አስቀድሞ ቢያውቀው ለሁላችንም ይሻላል።

ሦስተኛው «ዋጋው ስንት ነው?» ነው። በዚህ ላይ ረጅም ክርክር ተደረገ። አንድ አረጋዊ የኮሚቴ አባል «የቤተ ክርስቲያን ነገር በዋጋ አይጠራም፤ ዋጋ ከጻፍን ድሀው ይሸሻል» አሉ። ንግግራቸው ከመልካም ልብ የወጣ ነውና በአክብሮት መመለስ ነበረብን። በመጀመሪያ፣ ጸጋ አይሸጥም። ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ለመግዛት ሽቶ እንደ ተገሠጸ ሁላችን እናውቃለን። ምሥጢራትና ጸሎት በዋጋ ዝርዝር አጠገብ እንኳ ሊቀመጡ አይገባም፤ በዚያ ድረ ገጽ ላይም የጸሎት አገልግሎትን ከማረፊያው ፈጽመን ለየን። አልጋ፣ አንሶላ፣ ሳሙናና መብራት ግን ወጪ አላቸው፤ ዋጋቸውን መናገር ነውር አይደለም። የሀገራችን ሕግም፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ሁኔታ እንዲያመለክት ያዛል። የእኛ ተቋም ከንግድ ቤት ያነሰ ግልጽነት ሊኖረው አይገባም።

ስለ ድሀው ግን እኚያ አባት የተናገሩትን ስንመረምር ነገሩ ተገላብጦ አገኘነው። ዋጋ ያልተጻፈበትን ነገር ባለጸጋው ደውሎ ይጠይቃል፤ ድሀው ግን «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ዝም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋውን ጽፈን፣ ከሥሩ «ሁለት ክፍሎች አቅም ለሌላቸው አረጋውያን ተሳላሚዎች በነጻ ተጠብቀዋል፤ በስልክ ይጠይቁ» የሚል መስመር ጨመርን። ይህን ያስጨመሩት እኚያው አረጋዊ አባት ናቸው።

አራተኛው «እንዴት ልመናችሁ?» ነው። ዛሬ በስልክ ገንዘብ ላክ እየተባለ የተታለለ ብዙ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚያጭበረብርም አለ። ስለዚህ እምነትን በሚታዩ ነገሮች ማሳየት ያስፈልጋል። የክፍሎቹ ፎቶግራፍ ትክክለኛው ክፍል፣ በትክክለኛው ብርሃን የተነሣ ይሁን። የባንክ ሒሳቡ በደብሩ ስም እንጂ በግለሰብ ስም ፈጽሞ አይሁን። ቀብድ የሚመለስበትና የማይመለስበት ሁኔታ ይጻፍ። ገቢው ለምን እንደሚውል በሁለት መስመር ይነገር። አድራሻው «ከገበያው ዝቅ ብሎ» በሚል ብቻ ሳይሆን በካርታ ጭምር ይመልከት፤ በጉግል ካርታ ላይ ቦታን ማስመዝገብ ክፍያ የለውም።

አምስተኛው «አሁን ምን ላድርግ?» ነው። ብዙ ድረ ገጾች እስከዚህ ድረስ ጥሩ ተጉዘው እዚህ ላይ እንግዳውን ይተዉታል። በቀድሞው ገጻችን ላይ መመዝገቢያ ቅጽ ነበረ፤ 11 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ከእነርሱም አንዱ የትምህርት ደረጃ ነው! አልጋ ለሚፈልግ ሰው የትምህርት ደረጃው ምን ያደርግልናል? ቅጹን ወደ አራት አወረድነው፤ ስም፣ ስልክ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ የሰው ብዛት። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ አንድ ግልጽ ጥሪ አኖርን፤ «ክፍል ለመያዝ ይደውሉ ወይም በቴሌግራም ይጻፉልን» የሚል። ቁጥሩ በ09 ብቻ ቢጀምር ከውጭ ሀገር አይሠራም። ያቺ እኅት ከአሜሪካ ሲሞክሩ ያልጠራላቸው በዚህ ምክንያት ነበር። አሁን በ+251 ይጀምራል፤ ሲነካም ይደውላል።

መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

ይህን ሁሉ ካስተካከልን በኋላ አንድ አሳፋሪ ነገር አገኘን። በድረ ገጹ በኩል የሚላከው መልእክት ሁሉ የሚደርሰው፣ ገጹ ሲሠራ ያገለግል በነበረና ኋላ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ በሄደ አንድ ወጣት ኢሜይል ነበር። ወጣቱን በስልክ አግኝተን አብረን ስንከፍተው 37 ያልተነበቡ መልእክቶች ቆጠርን። የዚያች እኅት መልእክት ከመካከላቸው ነበረ። ወጣቱን አልወቀስነውም፤ አደራውን ከእጁ የተቀበለ ሰው አልነበረምና ጥፋቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ አባቶቼ፣ ድረ ገጽ የሌላችሁም ብትሆኑ ይህን ያዙልኝ። የመልእክት መቀበያው፣ የቴሌግራም ቁጥሩ፣ የድረ ገጹ ስምና የይለፍ ቃሉ የደብሩ ንብረት ናቸው። እንደ ማኅተም ተመዝግበው በርክክብ ሊተላለፉ ይገባል። የድረ ገጽ ስም በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ አለው፤ የሚታደስበት ቀን በሒሳብ ክፍሉ መዝገብ ላይ ይስፈር። በግለሰብ ስም ተመዝግቦ ከሆነ ዛሬውኑ ይዛወር።

መልስ ሰጪም በስም ይመደብ። እኛ ሁለት ሰዎች መደብን፤ አንዷ የማረፊያው እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ሁለተኛው የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነው፤ አንዱ ቅዳሴ ላይ ሲሆን ሌላው ስልኩን ይይዛል። መልእክት በመጣበት ቀን እንዲመለስ ደንብ አወጣን። ክፍል ባይኖር እንኳ «ይቅርታ፣ ሞልቷል፤ በዚህ ቀን ግን አለ» የሚል መልስ ይሰጣል። ለአዳራሽ የዋጋ ማቅረቢያ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት በማግሥቱ ፕሮፎርማው በእጁ እንዲደርስ አደረግን፤ የግዥ ሠራተኛው የሚመርጠው ቀድሞ የደረሰለትን ነውና። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ እነርሱ ከሥራ ወጥተው ሲደውሉ እኛ ተኝተናል። ስለዚህ «በሌሊት የጻፉልንን ጠዋት እንመልሳለን» የምትል መስመር ገጹ ላይ ጨመርን፤ ጠዋትም እንመልሳለን።

ሰዓት፣ ቀን፣ ቋንቋና ፍጥነት

የእኛ ሰዓትና የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለተዘጋጁ የመመዝገቢያ ፕሮግራሞች እንግዳ ነው። ገጹ «መግቢያ 8:00» ቢል ሀገር ቤት ያለው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ይለዋል፤ ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ ይቆማል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥር 11 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግሥት በሚብተው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በዚህ አንድ ቀን ልዩነት የተነሣ ለከተራ ሌሊት አልጋ አጥቶ የተቸገረ እንግዳ አጋጥሞናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ፣ በስልክም «ጥር 10 ገብተው ጥር 12 ይወጣሉ፤ ልክ ነኝ?» ብሎ መድገም።

ቋንቋን በተመለከተ፣ አማርኛ ጽሑፍ በፎቶግራፍ ወይም በማስታወቂያ ሥዕል ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ፈላጊ ሰው በጉግል ሊያገኘው ይቸግረዋል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ በማንኛውም ስልክ ይነበባል። ጽሑፋችሁን በጽሑፍነቱ አስቀምጡት። ሰው የሚፈልግበትንም ቃል ተጠቀሙ፤ እኛ «የእንግዳ ማረፊያ» ስንል ሰው «አልጋ» እያለ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ቃላት በገጹ ላይ ይኑሩ።

ፍጥነትም የእንግዳ አቀባበል ክፍል ነው። ጉግል የአንድ ገጽ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከታየ ጥሩ ብሎ ይመዝነዋል። የእኛ ገጽ በገጠር ኔትወርክ ከዚያ እጅግ ይዘገይ ነበር፤ ምክንያቱም ከካሜራ በወጡበት መጠን የተጫኑ የምረቃ ፎቶግራፎች ናቸው። ፎቶግራፎቹን አሳንሰን፣ አብዛኛውንም ከመጀመሪያው ገጽ አነሣን። የምእመኑ የኢንተርኔት ጥቅል በእርሱ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ የማይፈልገውን ፎቶግራፍ እንዲከፍልበት ማድረግ ደግነት አይደለም።

ማድረግ የማይገባን

ጎብኚን ተገልጋይ ለማድረግ ዓለም የሚጠቀምባቸው፣ እኛ ግን ልንነካቸው የማይገቡ መንገዶች አሉ። ሰባት ክፍል ባዶ ሳለ «አንድ ብቻ ቀርቷል» ብሎ ማስቸኮል ሐሰት ነው። ያልተናገረን ሰው እንደ ተናገረ አድርጎ ምስክርነት መጻፍ ሐሰት ነው። የተማሪዎቹን የተቀደደ ልብስና ባዶ እግር ፎቶግራፍ አንሥቶ አልጋ ለማከራየት ማሳየት ክብራቸውን መንካት ነው፤ ይህ ሐሳብ በመካከላችን ተነሥቶ ነበር፤ የኔታ «ልጆቼ ማስታወቂያ አይሆኑም» ብለው ዘጉት፤ ትክክል ነበሩ። የእንግዶችን ስምና ስልክ ሰብስቦ ለሌላ ጉዳይ መጠቀምም እንዲሁ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሀገራችን አለ፤ ለክፍል ማስያዣ የተሰጠን ስልክ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የመዋጮ መጠየቂያ ልናደርገው አይገባም።

ቤተ ክርስቲያን አንድ እንግዳ ብታጣ ነገ ሌላ ታገኛለች። እምነት ብታጣ ግን በምን ትመልሰዋለች?

መቁጠርና መማር

በማረፊያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ተራ ደብተር አኖርን። አራት ዓምዶች አሉት፤ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ከየት ሰማን፣ ስንቱ ክፍል ያዘ፣ ያልያዘውስ ለምን? አራተኛው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። ስድስት ሰዎች «ከአውቶቡስ ጣቢያ እንዴት እንደምንመጣ አላወቅንም» ቢሉ፣ በዚያው ሳምንት መንገዱን በገጹ ላይ እንጽፋለን። የ600 ጎብኚ ቁጥር ብቻውን ሆድ አይሞላም። ከ600ው 6 ሰው ክፍል ቢይዝ ከመቶ አንድ ነው፤ 18 ሰው ቢይዝ ከመቶ ሦስት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 12 ሰው ለእኛ ሽንብራና ዱቄት ነው።

ውጤቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ። በቀጣዩ ጥምቀት 14ቱም ክፍሎች በታኅሣሥ አጋማሽ ተይዘው አለቁ። የጎብኚው ቁጥር ብዙም አልጨመረም ነበር፤ የጨመረው የሚደውለው ነው። አዳራሹም በየወሩ ሥልጠና የሚያካሂዱ ሁለት ቋሚ ተከራዮች አገኘ። በክረምቱ ወራት ግን ክፍሎቹ አሁንም ከግማሽ በላይ ባዶ ናቸው፤ ለዚህ መፍትሔ ገና እየፈለግን ነው። ተማሪዎቹም በሳምንት አራት ቀን ትኩስ ምግብ ይበላሉ። ሰበካ ጉባኤው የወሰነው ሰባት ቀን ነበር፤ ሦስቱ ቀን ዕዳችን ነው። ያቺ እኅትም በዓመቱ አባታቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ፤ በምድር ቤት ካሉት ክፍሎች በአንዱ አረፉ።

ወደ የደብራችሁ ስትመለሱ

ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፣ እኅቶች፤ ከዚህ ስትመለሱ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሥራ እንድትሠሩ በትሕትና እለምናለሁ። ደብራችሁን የማያውቅ አንድ ሰው ፈልጉ፤ የሌላ ሰፈር ዘመድ ወይም መንገደኛ ይሁን። ስልክ ስጡትና «ከእኛ ዘንድ ክፍል፣ ወይም አዳራሽ፣ ወይም ሥልጠና ያዝ» በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት፤ አትርዱት፤ አታስረዱት። የት ላይ እንደ ቆመ፣ የት ላይ ግንባሩን እንደ ቋጠረ፣ በስንተኛው ደቂቃ ስልኩን እንዳስቀመጠ ጻፉ። ድረ ገጽ ለሌላችሁም የቴሌግራም ገጻችሁን ወይም በበራችሁ ላይ የሰቀላችሁትን ማስታወቂያ በዚሁ መንገድ ፈትኑት። ያ ዝርዝር የመጀመሪያው የሥራ ዕቅዳችሁ ይሆናል።

እኔም ከዚያ ወዲህ በሪፖርቴ ላይ «ድረ ገጽ ተሠርቷል» ብዬ መጻፍ ትቻለሁ። የምጽፈው «ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንቱ መልስ አገኘ» የሚለውን ነው። የእኛ ድርሻ በሩን መክፈት፣ መብራቱን ማብራት፣ የሚያንኳኳውን ሰምቶ መመለስ ነው።

አምላከ አብርሃም እንግዳን የሚቀበል ልብ፣ አደራን የሚጠብቅ እጅ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።